አቡጀዲ የለበሰው ጃጓር

ከቢሮዬ ወጥቼ በጎላ ሚካኤል በኩል ወደ ብሔራዊ ቴአትር በምወርድባት ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ላይ፣ ከአንድ ግቢ የቆርቆሮ አጥር ጀርባ፣ ነጭ አቡጀዲ የለበሰ ረጅም ነገር ከዓመት እስከ ዓመት ተኝቶ ይታያል። የተቆለለ ጣውላ ወይም ከቤት የተረፈ ዕቃ መስሎኝ አምስት ዓመት ያህል ሳላስተውለው አልፌያለሁ። ባለፈው ጥር፣ በቃና ዘገሊላ ጠዋት፣ የግቢው በር ተከፍቶ አቡጀዲው እስከ ወገቡ ተገልጦ አየሁት። ከሥሩ ጥቁር ሰማያዊ ኮፈን፣ የውጭዎቹ ከውስጦቹ ተለቅ ያሉ አራት ክብ የፊት መብራቶች፣ ቀጭን የክሮም ጠርዝና ሰፊ ፍርግርግ ያለው አፍንጫ ብቅ ብሎ ነበር። ሳላስበው ቆምኩ። አጠገቡ ሹራብ ደርበው ባልዲ ይዘው የቆሙ ሽማግሌ፣ «ግባ ልጄ፣ መኪና ከበር ላይ ሆነው አያዩትም» አሉኝ።

ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ከዚህ በኋላ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ጋሼ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። መኪናቸው እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራ፣ ባለ 4.2 ሊትር ጃጓር ኤክስጄ6 ነው። የገዙት እዚህ ይሠራ ከነበረና ከአብዮቱ በኋላ አገሩ ከተመለሰ አንድ የውጭ አገር ሰው ሲሆን፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ባለቤት አላየም። እኔ የመኪና ሰው አይደለሁም፤ መንጃ ፈቃድም የለኝም። ይሁን እንጂ ከዚያ ጠዋት ወዲህ ያሳለፍኳቸውን በርካታ እሑዶች በዚያ ግቢ ውስጥ ምን ስፈልግ እንደቆየሁ ለራሴም ለወዳጆቼም ማስረዳት ስላቃተኝ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

በመጀመሪያ ስለ መልኩ። ኤክስጄ6 ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1968 ነው። የጃጓር መሥራች ሰር ዊልያም ላየንስ እ.ኤ.አ. በ1922 በብላክፑል ከተማ ከሞተር ብስክሌት ጎን የሚገጠም መቀመጫ በመሥራት የጀመረ ሰው ነው። መኪና በወረቀት ላይ መንደፍ አይሆንለትም ነበር ይባላል፤ የሚተማመነው በዓይኑ ነው። ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ በእውነተኛው መጠን የሠሩለትን ገላ ወደ መኖሪያ ቤቱ አስወስዶ፣ ደጅ ላይ በቀን ብርሃን አስቁሞ፣ ዞር ዞር እያለ ያየውና ይህ ይነሣ፣ ያ ዝቅ ይበል ይል ነበር። ይህን ከጋሼ ከሰማሁ በኋላ ነው መኪናውን ማየት የቻልኩት። ከፊት መብራቱ የሚነሣው መስመር በበሮቹ እጀታ ሥር በቀስታ ዝቅ ይልና ከኋላ ጎማው በላይ እንደገና ያብጣል። ሰው በጎኑ ሲራመድ የፀሐይዋ ነጸብራቅ በዚያ መስመር ላይ ሳትቆራረጥ አብራው ትሄዳለች። ላየንስ በቤቱ ደጅ ላይ ይፈልጋት የነበረችው ይህችን ነጸብራቅ ይመስለኛል። ኤክስጄ6 እርሱ የመራው የመጨረሻው ባለ አራት በር መኪና ነው፤ የጋሼ መኪና ከኮቨንትሪ ፋብሪካ በወጣበት ዓመትም ጡረታ ወጥቷል።

የሰፈር ልጆች አጥሩን ተደግፈው ዘወትር የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «የምትዘለዋ አውሬ የታለች?» ይላሉ። በአሮጌዎቹ ጃጓሮች ኮፈን ላይ የምትታወቀው፣ የምትዘል የጃጓር አውሬ ምስል በዚህ ሞዴል ላይ ከፋብሪካውም አልተገጠመችም። ጋሼ ግን ይህን ማብራራት ስለሰለቻቸው «አድና ልትመጣ ሄዳለች» ብለው ይመልሳሉ።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ይህ መኪና የታደሰ አይደለም፤ የቆየ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እኔም አላውቀውም ነበር። በአዲስ አበባ አሮጌ መኪና ይወደዳል፤ ሰርግ ሲደርስ ከየጋራዡ የሚወጡትን አበባ የተጎናጸፉ አሮጌ መኪኖች ያላየ የለም። ብዙዎቹ ግን ባትላሜራው ቀጥቅጦ፣ ስቱኮ ሞልቶ፣ በላዩ አዲስ ቀለም የነፋባቸው፣ መቀመጫቸው በሰው ሠራሽ ቆዳ የተለበጠ፣ የእንጨቱም ቦታ እንጨት በሚመስል ላስቲክ የተሸፈነ ነው። ከሩቅ ሲታዩ ያምራሉ፣ ሙሽሮቹንም ደስ ያሰኛሉ፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ የምታገኙት የባለፈው ዓመት ሥራ ነው። የጋሼን መኪና በር ስትከፍቱ የምታገኙት እ.ኤ.አ. በ1972 አንድ እንግሊዛዊ ሰፊ የሰፋውን ስፌት፣ ከአንድ የዎልነት ግንድ በስሱ ተልጠው አንዱ የሌላው መስታወት እንዲሆን ጎን ለጎን የተለጠፉ የእንጨት ገጾችን፣ በላያቸውም ሃምሳ ዓመት የፈጀ መዳፍ ነው። የነጂው መቀመጫ በግራ ጠርዙ፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ በሚታከክበት በኩል፣ ቡናማ ቆዳው ሳስቶ ወደ ቢጫ አዘንብሏል። የመሪው ክብ ሁለት እጅ በሚይዘው ቦታ ላይ ብቻ ያብለጨልጫል። እነዚህን ምልክቶች በገንዘብ ማሠራት አይቻልም፤ ማጥፋት ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይቻላል። ጋሼን ቀለም እንዲያስቀቡ የመከሯቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አንዱ በነፃ ልቀባልዎ ያላቸውም አለ። «የአባቴን ፎቶግራፍ በአዲስ ፎቶግራፍ ልለውጥልህ እንደማለት ነው» ብለው መለሱለት።

ከቆዳውና ከእንጨቱ ይልቅ እኔን የማረከኝ ግን የዕቃ ሳጥኑ ውስጥ የሚኖረው ደብተር ነው። ጋሼ የሒሳብ ሰው ናቸው ብያለሁ። መኪናውን ከገዙበት ቀን ጀምሮ የተደረገለትን ሁሉ በባለ መስመር ደብተር ላይ በቀለም እየጻፉ አቆይተዋል፤ አሁን አራተኛው ደብተር ላይ ናቸው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር፣ የተነዳው ኪሎ ሜትር፣ የተቀየረው ዘይት፣ የመካኒኩ ስም፣ የተከፈለው ብር በየዓምዱ ተጽፏል። የደርግ ዘመን ገጾች አጫጭር ናቸው። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ መኪና ይዞ መታየት ዓይን ይስባል ብለው ስለፈሩ በድንጋይ ላይ አቁመው ጎማውን አውልቀው ነበርና ወር በመጣ ቁጥር አንድ መስመር ብቻ ይነበባል፤ «ተነሥቶ ሠራ።» በሚቀጥለው ወርም «ተነሥቶ ሠራ።» አንድ ቦታ ላይ «አልተነሣም» ይላል፤ ከሦስት ቀን በኋላ «ባትሪ ከጎረቤት ተውሼ ተነሣ» ይላል። እነዚያን ገጾች ሳነብ ቆየሁ። ጋሼ ስለዚያ ዘመን በአፋቸው ብዙ አያወሩም።

ሞተሩ የራሱ ታሪክ አለው። ኤክስኬ የሚባለው ይህ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር የታሰበው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1940 በአንድ ሌሊት የጀርመን አውሮፕላኖች ያወደሟት ኮቨንትሪ ውስጥ፣ የጃጓር መሐንዲሶች ዊልያም ሄይንስ፣ ዋልተር ሃሰንና ክሎድ ቤይሊ ፋብሪካው ላይ እሳት ቢነሣ ለማጥፋት ተራ ይጠብቁ በነበረባቸው ሌሊቶች፣ ከጦርነቱ በኋላ ስለሚሠሩት ሞተር ይመካከሩ ነበር። የምክክሩ ፍሬ እ.ኤ.አ. በ1948 በለንደን የመኪና ትርኢት ላይ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በፈረንሳይ አገር የለማን የ24 ሰዓት ውድድር ላይ አምስት ጊዜ ያሸነፉትን የጃጓር መኪኖች የነዳው ይኸው ሞተር ሲሆን፣ ሳይለወጥ ባይባልም ዘሩ ሳይቋረጥ እስከ እ.ኤ.አ. 1992 ተሠርቷል። የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። የጋሼ መካኒክ፣ ዕድሜያቸው ከጋሼ ብዙም የማያንስ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ ያደጉ ባለሙያ፣ ኮፈኑን ከፍተው ሲሠሩ ካንዴላ ይላሉ፣ ጓርኒሲዮን ይላሉ፣ ሞተሪኖ ይላሉ፣ ማርሚታ ይላሉ። ያ ሞተር በታሰበባቸው ዓመታት ጣልያን ከአዲስ አበባ ተባርሮ ቃላቱ ብቻ ጋራዥ ውስጥ ቀርተው ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ የእንግሊዝ መኪና በከተማችን የሚታከመው በጣልያንኛ ነው።

መካኒኩን ሲሠሩ ማየት ብቻውን እሑድ ጠዋትን ይሞላል። ኮቨንትሪ ከባሕር ወለል በላይ ከ100 ሜትር እምብዛም ከፍ አትልም፤ አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከዚያኛው ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ ይሳሳል፤ በመሆኑም ለኮቨንትሪ አየር የተስተካከለ ካርቡራተር፣ ማለትም ቤንዚንና አየሩን የሚቀላቅለው ዕቃ፣ እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ድብልቁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩም ዳገት ላይ ይተነፍሳል። በዚህ መኪና ላይ ያሉት ሁለቱ ኤስዩ የተባሉ ካርቡራተሮች በውስጣቸው ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ መርፌ አላቸው። መርፌው በአየሩ ግፊት ልክ ከፍና ዝቅ እያለ የቤንዚኑን መንገድ ያሰፋል፣ ያጠባል። ስለዚህ የከፍታውን ጉዳት በከፊል ራሱ ያካክሳል፤ የቀረውን ሰው ነው የሚያስተካክለው። መካኒኩ የሚያስተካክሉበት መሣሪያ አንድ ክንድ የምታህል የጎማ ቱቦ ናት። አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ፣ ሌላውን ካርቡራተሩ አፍ ላይ አድርገው የአየሩን ፉጨት ይሰማሉ፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ያዞራሉ። የሁለቱ ፉጨት አንድ እስኪሆን ድረስ ብሎኗን በጣም በትንሹ ያዞራሉ፣ እንደገና ይሰማሉ። በዚህ ጊዜ ግቢው ውስጥ ማንም አይናገርም። አንድ ቀን ቱቦዋን ለእኔ ሰጡኝና አዳመጥኩ፤ ለእኔ ሁለቱም ነፋስ ብቻ ነበሩ። «አንደኛው ይስላል፣ አይሰማህም?» አሉኝ። አልተሰማኝም።

ከፍታው ሌላም መዘዝ አለው። በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሞተሩ ደግሞ ለመሥራት የሚወደው ሙቀት ከዚያ ብዙ አይርቅም። ውኃው ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ማቆየቱ ብቻ ነው። በሁለተኛው ደብተር ላይ ጋሼ በቀይ ቀለም የጻፉት አንድ መስመር ይህንኑ ይመለከታል፤ «ቸርችል ዳገት ላይ ፈላ። ጋራዡ የገጠመው ክዳን የሌላ መኪና ነው።» የጋራዡን ስም አልጻፉም። እኔም ጠይቄያቸው «ዘግተው ሄደዋል፣ ምን ያደርግልሃል» ብለው አልነገሩኝም።

ይህ መኪና እዚህ ሊቆይ የቻለው በጋሼ ጥንቃቄ ብቻ አይደለም፤ የአገሩ ጠባይም ረድቶታል። በእንግሊዝ አገር በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ፤ ያ ጨው ከመኪናው ሆድ ሥር ገብቶ ብረቱን ይበላዋል። ከዚህ መኪና ጋር በአንድ ዓመት የተወለዱ ብዙዎቹ ወንድሞቹ ያለቁት በአደጋ ሳይሆን በዝገት ነው። የእኛ መንገድ ጭቃና አቧራ እንጂ ጨው የለውም። በአንጻሩ እዚህ ጠላቱ ፀሐይ ናት። የከፍታው ፀሐይ የእንጨቱን ቫርኒሽ ትሰነጥቃለች፣ ቆዳውን ታደርቃለች፤ ስለዚህ መኪናው የሚቆመው በአብዛኛው ዓመት ፀሐይ በማታገኘው በቤቱ ሰሜናዊ ጎን፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ልብሱም አቡጀዲ የሆነበት ምክንያት አለ። ላስቲክና ሸራ ዝናቡን ቢከለክሉም ከሥራቸው የሚነሣውን እርጥበት አፍነው ያስቀሩታል፤ አቡጀዲ ግን ይተነፍሳል። ክረምት ሲገባ ሁለት ድርብ ይለብሳል፤ ጋሼም በየሳምንቱ በበሮቹ ሥር ያሉትን የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ይጠርጋሉ። ቆዳውን በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀባሉ፤ በምን እንደሆነ ስጠይቃቸው የነገሩኝ ረጅም ነገር ነበር፣ ፍሬ ነገሩ «ጥቂት ቀባ፣ ብዙ እሸው» የሚል ነው።

ማስነሣትም ሥርዓት አለው። በየሁለት ሳምንቱ ይነሣል፤ ሲነሣም ቆሞ አሥር ደቂቃ ጮኾ አይጠፋም። ቀዝቃዛ ሞተር ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ሲቆም ከቃጠሎው የወጣው ውኃ በዘይቱና በጭስ ማውጫው በማርሚታው ውስጥ ስለሚቀር ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። በደርግ ዘመን ይህን ሳያውቁ በማድረጋቸው ማርሚታውን ሁለት ጊዜ እንዳስለወጡ ደብተሩ ይመሰክራል። አሁን ከተነሣ ቢያንስ 20 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በከተማችን ቤንዚን ላይ ኤታኖል ይቀላቀል ስለነበር፣ ያ ዓይነት ነዳጅ ደግሞ በዚያ ዘመን የተሠራን የጎማ ቱቦ ስለሚያበሰብስ፣ የነዳጅ ቱቦዎቹን ሁሉ አስለውጠዋል። በመኪናው ላይ አዲስ የሆነ ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ጋሼ የቆየን ነገር እንደ ጣዖት የሚያዩ ሰው አይደሉም፤ ሊያቃጥላቸው የሚችለውን ይለውጣሉ፣ የማያምረውን ብቻ ይተዋሉ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። በሦስተኛው እሑድ፣ ቀድሜ በመድረሴ ደስ ላሰኛቸው ብዬ፣ አቡጀዲውን ገለጥ አድርጌ በግራ በኩል ያለውን የፊት ፓራፋንጎ በደረቅ ጨርቅ አሸሁት። በአካባቢው ከሚፈርሰውና ከሚገነባው ሁሉ የሚነሣው አቧራ አሸዋ ነው፤ በደረቁ ሲታሽ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ጋሼ ሻይ ይዘው ሲመጡ ፀሐይዋ ፓራፋንጎው ላይ ያረፈችው በሺህ ቀጫጭን ክቦች መካከል ነበር። በዚያን ዘመን ቀለም ላይ ዛሬ የሚደረገው ግልጽ መከላከያ ሽፋን ስለሌለ የተነካው ቀለሙ ራሱ ነው። አፍሬ ማሽን ያለው ሰው አምጥቼ ላስወለውል አልኳቸው። «ማሽኑ ጭረቱን የሚያጠፋው ቀለሙን ልጦ ጭረቱ እስከ ደረሰበት ድረስ በማውረድ ነው፤ አንተ በጥፍርህ የወሰድከውን እርሱ በአካፋ ይወስደዋል» አሉኝ። ከዚያ ደብተሩን አውጥተው ጻፉ፤ «ጭረት፣ ግራ ፊት ፓራፋንጎ፣ በደረቅ ጨርቅ።» የሰው ስም ከሚጻፍበት ዓምድ ላይ ሰረዝ አደረጉ። «ስምህን አልጻፍኩም፣ ሻይህን ጠጣ።»

የእንግሊዝ መኪና ለዚህች ከተማ እንግዳ አይደለም። ቢድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በረሃውን አቋርጦ ለዐፄ ምኒልክ ያመጣው መኪና የእንግሊዝ ሥራ ነበር፤ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥትም ሮልስ ሮይሶች ነበሩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡት በአንዲት ቮልስዋገን ነው። ያ ቤተ መንግሥት በቅርቡ ለጎብኚ ተከፍቶ አሮጌዎቹን መኪኖች ሰው ሊያያቸው በቅቷል፤ ግርማቸው አይካድም። እኔ ግን ሥሩ ላይ የዘይት ጠብታ የማይታይበት መኪና ሐውልት ይመስለኛል። የጋሼ መኪና በቆመበት ሲሚንቶ ላይ የአንድ ሳንቲም ያህል ክብ የዘይት ምልክት አለ። ጋሼ በየጊዜው ዙሪያውን በጠመኔ ያከቡበታል፤ ክቡ ከጠመኔው ካለፈ መካኒኩ ይጠራል።

በመጋቢት አንድ እሑድ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ «ና፣ ዛሬ ትቀመጣለህ» ተባልኩ። ልብሱን አጣጥፈን፣ ኮፈኑን ከፍተን ዘይቱን ለክተን ወጣን፤ ኮፈኑ የሚከፈተው ከንፋስ መስታወቱ በኩል ወደ ፊት ተገልብጦ ነው። በዚያች በየቀኑ በእግሬ በምወርድባት ኮብልስቶን ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ ብሆን ጥርስ ለጥርስ በሚጋጭባት መንገድ ላይ፣ የሰማሁት ከሩቅ እንደሚመጣ ከበሮ ያለ የታፈነ ድምፅ ብቻ ነበር። ቦብ ናይት የተባለው የጃጓር መሐንዲስ ጎማዎቹን የሚሸከሙትን ብረቶች ከገላው ጋር ያያያዛቸው በላስቲክ ትራስ ነው፤ የጎማው ድንጋጤ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት እዚያ ይሰጥማል። ለዚህ ሲባል የኋላ ፍሬኖቹ ከጎማው አጠገብ መሆናቸው ቀርቶ መሐል ላይ ካለው፣ የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ከሚያካፍለው ዲፈረንሻል ጎን ተቀምጠዋል፤ ጎማው ሲዘል የሚሸከመው ክብደት እንዲቀል ነው። መካኒኩ ግን የፍሬን ሸራ ለመቀየር ግማሽ መኪና ማውረድ አለብኝ እያሉ በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ያማርራሉ።

በአምባሳደር በኩል ወጥተን፣ መስቀል አደባባይን ዞረን፣ በምኒልክ ጎዳና ሽቅብ ተነሣን። ጊዮንን፣ አፍሪካ አዳራሽን፣ ቤተ መንግሥቱን፣ ሂልተንን አለፍን። ዳገቱ ላይ መኪናው አልቸኮለም። ጋሼ ነዳጁን ረግጠው አያውቁም፤ እግራቸውን ያሳርፉበታል፣ ከዚያ ይጠብቃሉ። ላየንስ መኪኖቹን የሸጠበት የማስታወቂያ ቃል ሞገስ፣ ስፋት፣ ፍጥነት የሚል ነበር፤ ጋሼ ሦስተኛውን ትተው በሁለቱ ይኖራሉ። አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 18 ሊትር ገደማ ይፈጃል፤ ሊትሩ ከ100 ብር ባለፈበት ዘመን ይህ የጡረተኛ ቀልድ አይደለም። የሌላ ሰው ወጪ ሊሆን የሚችል ስጋና ልብስ እዚህ ገብቷል ማለት ነው። ይህን ስላቸው «የሚጠጣ ሰው የሚያወጣውን ቆጥረህበታል?» አሉኝ። መልሱ የሒሳብ ሰው መልስ ስለሆነ ዝም አልኩ።

አራት ኪሎን አልፈን ወደ ፒያሳ ስንዞር ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ አልተነጋገርንም። የፒያሳን መፍረስ ያየ ሰው ያውቀዋል። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፣ ሕንፃው ሁሉ ግራጫ ተቀብቷል። መንገዱ ለዚህ መኪና ከድሮው ይልቅ ይመቻል፤ ይህንንም ጋሼ ራሳቸው ናቸው የተናገሩት። መስታወቱ ላይ በተከታታይ የሚያልፈውን ግራጫ ሳይ ሳለሁ ዓይኔ ወደ ዎልነቱ እንጨት ተመለሰ፤ በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ቀለሙ በእጅ የተመረጠ የሚመስለው ነገር እርሱ ብቻ ነበር። ማዘጋጃ ቤት ጋ ደርሰን ቸርችል ጎዳናን ወደ ለገሃር ቁልቁል ስንይዝ፣ ከታች የባቡር ጣቢያው በጠዋት ጭጋግ ውስጥ ብቅ አለ። አንድ ጎረምሳ በኤሌክትሪክ መኪና ጎናችን መጥቶ መስታወት አወረደና «አባባ፣ ስንት ይሸጣል?» አላቸው። መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ በኋላ እንዲህ የሚጠይቃቸው ሰው በዝቷል። የሚገርመው ጃጓር ራሱም ከእንግዲህ ኤሌክትሪክ ብቻ እሠራለሁ ብሏል። ጋሼ ለጎረምሳው በእጃቸው ሰላምታ ሰጥተው መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ጠበቁ።

ብሔራዊ ቴአትር ጋ ስንደርስ፣ ክሩስኮቱ መሐል በመደዳ ከተሰለፉት ማብሪያዎች አንዷን ነኩ። ይህ መኪና ከኋላ በግራና በቀኝ ሁለት የነዳጅ ታንከር አለው፤ ነጂው የትኛው እንዲጠጣ በማብሪያ ይመርጣል። አንደኛው ብቻ እየሠራ ሁለተኛው ውስጥ ነዳጅ እንዳያረጅ በየጉዞው ያፈራርቁታል።

ግቢ ገብተን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ብረቱ እየቀዘቀዘ ጠቅ ጠቅ ሲል ተቀምጠን ሰማን። ከዚያ ደብተሩን ከሳጥኑ አውጥተው ከነብዕሩ ለእኔ ሰጡኝ። ቀኑን ጻፍኩ፤ ኪሎ ሜትሩን ከቆጣሪው አይቼ ጻፍኩ፤ በማብራሪያው ዓምድ ላይ «ጎላ ሚካኤል፣ አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ለገሃር። ሙቀት ልክ ነው። ችግር የለም» ብዬ መለስኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«ችግር የለም የሚለውን ሰርዘው፤ እሱ የሚታወቀው ነገ ጠዋት ሥሩን አይተን ነው» አሉ። «በሱ ፈንታ፣ ወደ ቀኝ ታንከር ተዛውሯል ብለህ ጻፍ።»

ሰርዤ ጻፍኩ። እርሳቸው አቡጀዲውን በአንድ ጫፍ ይዘው፣ ሞተሩ እስኪበርድ ድረስ፣ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።